ፖስትግሬስ ሊኑክስ ላይ ተጭኖ አልሠራ ሲል፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ ፈልጎ የማግኛ መመሪያ

ፖስትግሬስን (የዳታቤዝ ሰርቨር ነው) ሊኑክስ ላይ መጫን ሲቀና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይቀና ሲቀር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ፓኬጁን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። አልፎ አልፎ ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የተቀመጠው ፓኬጁ ሲጠፋ አብረውት በማይጠፉ ነገሮች ላይ ነው፤ የኮንፊግ ፋይል፣ የዳታ ፎልደር፣ በሌላ ፕሮግራም የተያዘ ፖርት፣ የጎደለ ሎኬል (የሲስተሙ የቋንቋና የፊደል ቅንብር)። «ኤፒቲ ሪሙቭ» እነዚህን አይነካቸውም። አምስት ጊዜ ብትጭኑት አምስተኛው ላይም የሚጠብቃችሁ ያው ኤረር ነው።

መነሻችን ኡቡንቱና ዴቢያን ናቸው፤ ፌዶራ፣ ሮኪና አልማን የመሳሰሉት የሬድ ሃት ዘመዶች የሚለዩበት ነገር ወደ መጨረሻው አለ። የቨርዥን ቁጥሩን 16 ብለነዋል፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። ትዕዛዞችና የፋይል ስሞች እዚህ በአነባበባቸው በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚተየቡት። ከሰረዝ ቀጥለው የሚመጡት አጫጭር ምርጫዎች የፊደል ስም ናቸው፤ «-ዩ» ማለት ዩ የምትባለዋ አንዲት ፊደል ናት፤ ሌላ ካልተባለ በትንሹ ፊደል ትተየባለች።

1. መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ እወቁ

ጭነቱ አራት ደረጃ አለው። ፓኬጁ ይወርዳል፣ ክላስተር (ዳታቤዞቹ የሚኖሩበት የዳታ ፎልደርና ኮንፊጉ) ይፈጠራል፣ ሰርቨሩ ይነሳል፣ በመጨረሻ ሰው ወይም አፕሊኬሽን ይገናኘዋል። ኤረሩ ከየትኛው ደረጃ እንደመጣ ሳታውቁ ኮንፊግ መነካካት አትጀምሩ።

ብዙዎች እዚህ ጋ የሚጽፉት ይህን ነው፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ፖስትግሬስኪውኤል

በአረንጓዴ «አክቲቭ» የሚል ይመጣል፤ «እሺ፣ እየሠራ ነው» ብለው ያልፉታል። ግን አጠገቡ በቅንፍ ያለውን ቃል አንብቡ፤ «ኤግዚትድ» ይላል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ይህ ሰርቪስ ባዶ መጠቅለያ ነው፤ ሥራው ሌሎቹን መቀስቀስ ብቻ ስለሆነ ቀስቅሶ ይወጣል። እውነተኛው ሰርቨር ሞቶም እሱ አረንጓዴ ነው። ትክክለኛው የሰርቪስ ስም «ፖስትግሬስኪውኤል@16-ሜይን» ነው፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ይህ ነው፦

ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ

በዚህ ስም መካከል ክፍተት የለም፤ ከ«ፒጂ» ቀጥሎ ያለው የታች ሰረዝ ነው። የሚመጣው መልስ እንዲህ ያለ መስመር ነው፦

16  ሜይን  5432  ዳውን  ፖስትግሬስ  /ቫር/ሊብ/ፖስትግሬስኪውኤል/16/ሜይን  /ቫር/ሎግ/ፖስትግሬስኪውኤል/ፖስትግሬስኪውኤል-16-ሜይን.ሎግ

ይህች አንድ መስመር ቨርዥኑን፣ የክላስተሩን ስም፣ ፖርቱን፣ ሁኔታውን፣ ባለቤቱን፣ የዳታ ፎልደሩን፣ በስተመጨረሻም የሎግ ፋይሉን ትነግራችኋለች። ምንም መስመር ካልመጣ ክላስተር አልተፈጠረም፤ ወደ ክፍል 3 እለፉ። «ዳውን» ካለ ሰርቨሩ ለመነሳት ሞክሮ ወድቋል ወይም ማንም አላስነሳውም፤ ክፍል 4። «ኦንላይን» ካለ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ግንኙነቱ ላይ ነው፤ ክፍል 5። ትዕዛዙ ራሱ የለም ከተባለ ደግሞ ፓኬጁ በአግባቡ አልገባም ማለት ነው።

2. ፓኬጁ ራሱ አልገባ ሲል

«ኩድ ኖት ጌት ሎክ» የሚል ኤረር ሌላ ሂደት የፓኬጅ ሥርዓቱን ይዞታል ማለት ነው። አዲስ በተነሳ ሰርቨር ላይ ይህ ሌላ ሂደት ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባ የሚሄደው አውቶማቲክ ዝመና ነው፤ አዳዲስ የኤፒቲ ቨርዥኖች የሂደቱን ቁጥርና ስም ጭምር ያሳያሉ። ጠብቁት። የሎክ ፋይሉን ሰርዙ የሚለውን ምክር አትስሙ፤ ሁለት ሂደት በአንድ ጊዜ የፓኬጅ መዝገቡን ሲጽፍ የሚበላሸው ፖስትግሬስ ብቻ አይደለም።

መብራት ጠፍቶ ወይም ኤስኤስኤች ተቋርጦ ጭነቱ መሃል ላይ ከቀረ እነዚህን ሁለቱን በቅደም ተከተል፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ
ሱዶ ኤፒቲ --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል

ከፖስትግሬስ የራሱ ሪፖዚተሪ የምትጭኑ ከሆነና «ሪሊስ ፋይል የለውም» የሚል ኤረር ከመጣ ብዙ ጊዜ የሲስተማችሁ የኮድ ስም ተሳስቷል። ሪፖው የሚፈልገው «ጃሚ-ፒጂዲጂ»፣ «ኖብል-ፒጂዲጂ»፣ «ቡክዎርም-ፒጂዲጂ» የመሰለ ስም ነው። ሊኑክስ ሚንት የሚጠቀም ሰው የሚንቱን የኮድ ስም ይጽፍና ይህ ይገጥመዋል፤ የሚያስፈልገው ከሥሩ ያለው የኡቡንቱ ስም ነው፣ እሱም «/ኢቲሲ/ኦኤስ-ሪሊስ» ውስጥ «ኡቡንቱ_ኮድኔም» በሚለው መስመር ተጽፏል። ፋይሉ «ገና ጊዜው አልደረሰም» የሚል ኤረር ደግሞ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው፤ «ታይምዴትሲቲኤል» ብላችሁ አረጋግጡ።

3. ክላስተሩ ሳይፈጠር ሲቀር

ፓኬጁ ገብቶ «ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ» ባዶ ከሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሎኬል ነው። ጭነቱ ላይ በፍጥነት ካለፉት መስመሮች አንዱ «ከአካባቢው የተጠየቀው ሎኬል ልክ አይደለም» የሚል ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው፤ በኤስኤስኤች ስትገቡ ላፕቶፓችሁ የራሱን የቋንቋ ቅንብር ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ ሰርቨሩ ላይ ያ ሎኬል ስላልተጫነ ክላስተር ፈጣሪው ግራ ገብቶት ይተወዋል። ፓኬጁን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ክላስተሩን በእጅ ፍጠሩ፦

ሱዶ ፒጂ_ክሪኤትክላስተር 16 ሜይን --ሎኬል=ሲ.ዩቲኤፍ-8 --ስታርት

«ሲ.ዩቲኤፍ-8» ምንም ተጨማሪ ሳይጫን ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ይገኛል።

ከዚህ የከፋው ግን ክላስተሩ ያለ ምንም ኤረር በተሳሳተ ኢንኮዲንግ ሲፈጠር ነው። ሎኬሉ «ፖዚክስ» በሆነ ትንሽ ሰርቨር ወይም ኮንቴይነር ውስጥ ከተጫነ ኢንኮዲንጉ «ኤስኪውኤል_አስኪ» ይሆናል። ሁሉ ነገር ይሠራል፤ አማርኛም ይጽፋል፣ ያነባል። ስህተቱ የሚወጣው ቆይቶ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦

ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒኤስኪውኤል -ሲ "ሴሌክት ሌንግዝ('ሰላም');"

መልሱ 3 ከሆነ ደህና ነው። 9 ከሆነ ዳታቤዙ ፊደል ሳይሆን ባይት እየቆጠረ ነው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ። እንዲህ ያለ ዳታቤዝ የተበላሸ ጽሑፍ ሲገባበት አይከለክልም፣ ጽሑፍ ቆርጦ ሲያወጣም ፊደሉን መሃል ላይ ይሰነጥቀዋል። ገና ዳታ ሳይገባበት አስተካክሉት፦

ሱዶ ፒጂ_ድሮፕክላስተር --ስቶፕ 16 ሜይን

ይህን አስኪዳችሁ ከላይ ባለው ትዕዛዝ እንደገና ፍጠሩት። ልብ በሉ፤ «ድሮፕክላስተር» እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ውስጡ አንድም የሚፈለግ ነገር ካለ መጀመሪያ በ«ፒጂ_ደምፖል» አውጡት።

4. ሰርቨሩ «ዳውን» ሲል

ሱዶ ቴይል -ኤን 50 /ቫር/ሎግ/ፖስትግሬስኪውኤል/ፖስትግሬስኪውኤል-16-ሜይን.ሎግ

ከሥር ወደ ላይ እየወጣችሁ የመጨረሻውን ሙከራ መጀመሪያ ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ታች አንብቡ። የመጨረሻው መስመር ብዙ ጊዜ «ሰርቨሩ ተዘግቷል» የሚል ውጤት ነው፤ ምክንያቱ ሁለት ሦስት መስመር ከፍ ብሎ «ፌታል» ከሚለው ቃል አጠገብ ተቀምጧል። «ሂንት» እና «ዲቴይል» የሚሉትን መስመሮች አትዝለሏቸው፤ ፖስትግሬስ እዚያ ላይ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የሎግ ፋይሉ ላይ አዲስ ነገር ካልተጻፈ ሰርቨሩ ሎግ ከመክፈቱ በፊት ወድቋል፤ ያኔ ይህን ተመልከቱ፦

ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ዩ ፖስትግሬስኪውኤል@16-ሜይን -ኤን 50

ፖርቱ ተይዟል። ሎጉ «አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ» ይላል። ማን እንደያዘው፦

ሱዶ ኤስኤስ -ኤልቲኤንፒ | ግሬፕ 5432

የመጨረሻው ዓምድ ላይ የፕሮግራሙ ስም አለ። «ዶከር-ፕሮክሲ» ከሆነ ከረሳችሁት ኮንቴይነር የመጣ ነው። «ፖስትግሬስ» ከሆነ የድሮ ቨርዥን እየሄደ ነው። ወይ ያንን አቁሙት ወይም የአዲሱን ፖርት ዋናው የኮንፊግ ፋይል «ፖስትግሬስኪውኤል.ኮንፍ» ውስጥ ቀይሩ።

የዚህ ተገላቢጦሽ ይበልጥ ያሳስታል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ክላስተር ሲፈጥሩ 5432 ተይዞ ካገኙ ምንም ሳይሉ 5433ን ይሰጡታል። 14 ባለበት ማሽን ላይ 16 ስትጭኑ ሁለቱም ጎን ለጎን ይነሳሉ፤ አፕሊኬሽኑ እንደለመደው 5432 ላይ ሄዶ የድሮውን ያገኛል፣ እናንተ ደግሞ የአዲሱን ኮንፊግ እየቀየራችሁ ለምን ለውጥ እንደማይታይ ግራ ይገባችኋል። ኤረር የለም፣ ሎጉ ንጹሕ ነው። የሚያጋልጠው «ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ» ላይ ያለው የፖርት ዓምድ ብቻ ነው።

የፈቃድ ችግር። «ዳታ ዳይሬክተሪ ሃዝ ኢንቫሊድ ፐርሚሽንስ»። ፖስትግሬስ የዳታ ፎልደሩ ፈቃድ 0700 ወይም 0750 ካልሆነ አልነሳም ይላል። «ፈቃድ ጠፋ» ሲባል 777 መስጠት የለመደበት ሰው እዚህ ላይ ጉዳዩን ያባብሰዋል፤ ፎልደሩ በጣም ስለተከፈተ ነው እምቢ የሚለው። መልሱ፦

ሱዶ ችኦውን -አር ፖስትግሬስ፡ፖስትግሬስ /ቫር/ሊብ/ፖስትግሬስኪውኤል/16/ሜይን
ሱዶ ችሞድ 700 /ቫር/ሊብ/ፖስትግሬስኪውኤል/16/ሜይን

(በሁለቱ «ፖስትግሬስ» መካከል ያለው ሁለት ነጥብ ተርሚናሉ ላይ ኮለን ነው፤ «-አር» ደግሞ በትልቁ ፊደል ነው።) ይህ ሁሉ ተደርጎም «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ችግሩ ወላጅ ፎልደሮቹ ላይ ነው። ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ ያዛወረ ሰው የመጨረሻውን ፎልደር ያስተካክልና መንገዱ ላይ ያለውን ይረሳዋል። «ናሜይ -ኤል» ብላችሁ ሙሉውን አድራሻ ስጡት፤ ከመነሻው «/» ጀምሮ የእያንዳንዱን ፎልደር ባለቤትና ፈቃድ ደርድሮ ያሳያል፣ የተዘጋችው በር ወዲያው ትታያለች።

በዚህ ወገን የሚመደብ ሌላ ችግር አለ፤ ሎጉ ስለ «ፕራይቬት ኪይ ፋይል» ያወራል። አንድ ሰው «/ኢቲሲ» ውስጥ በጅምላ ፈቃድ ሲቀይር የሰርቲፊኬቱ ቁልፍ ለሁሉም ተከፍቷል ማለት ነው። ዴቢያን ላይ ያ ፋይል ባለቤቱ ሩት፣ ግሩፑ «ኤስኤስኤል-ሰርት»፣ ፈቃዱ 640 መሆን አለበት፤ «ፖስትግሬስ» ዩዘሩም የዚያ ግሩፕ አባል መሆን አለበት።

ኮንፊግ ውስጥ የተሳሳተ ፊደል። «ሲንታክስ ኤረር ኢን ፋይል» ካለ የመስመር ቁጥሩን አብሮ ይሰጣችኋል። መስመሩን አይታችሁ ምንም ስህተት ካላገኛችሁ የጥቅስ ምልክቱን አጉልታችሁ እዩት፤ ከድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ ቀጥ ያለውን ነጠላ ጥቅስ ወደ ተጠማዘዘው ይለውጠዋል፣ ፖስትግሬስ ደግሞ የሚያውቀው ቀጥ ያለውን ብቻ ነው። አንድ ቅንብር ሁለት ቦታ ከተጻፈ የኋለኛው ያሸንፋል። ከኮንፊግ ፋይሎቹ ሁሉ የሚያሸንፈው ግን የዳታ ፎልደሩ ውስጥ ያለው «ፖስትግሬስኪውኤል.ኦቶ.ኮንፍ» ነው፤ «ኦልተር ሲስተም» በሚለው ትዕዛዝ የተቀየረ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። «ቀይሬው አልቀየር አለ» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚታየው ይህ ፋይል ነው።

ዲስክ ሞላ። «ዲኤፍ -ኤች» እና «ዲኤፍ -አይ» ሁለቱንም እዩ፤ ቦታ ኖሮ አይኖድ (ዲስኩ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መዝገብ) ሊያልቅ ይችላል። ቦታ ለማግኘት «ፒጂ_ዋል» የሚባለውን፣ የዳታው ለውጥ ሁሉ ቀድሞ የሚመዘገብበትን ፎልደር በጭራሽ አትንኩ። ስሙን አይቶ ሎግ የመሰለው ሰው ሰርዞት ዳታቤዙን አጥቷል፤ የቀድሞ ስሙ «ፒጂ_ኤክስሎግ» ነበር፣ በቨርዥን 10 የተቀየረው ለዚህም ጭምር ነው። ቦታ ከሌላ ቦታ አምጡ፦

ሱዶ ኤፒቲ ክሊን
ሱዶ ጆርናልሲቲኤል --ቫኪውም-ሳይዝ=200ኤም

ሚሞሪ አነሰ። «ካኖት አሎኬት ሜሞሪ» ትንሽ ቨርችዋል ማሽን ላይ ይመጣል። «ሼርድ_በፈርስ» ሳይነካ 128 ሜጋባይት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰው ለትልቅ ሰርቨር የተጻፈ ቅንብር ገልብጦ 4 ጊጋ ያደርገዋል። የተለመደው መነሻ ከጠቅላላው ራም ሩብ ገደማ ነው።

ቨርዥን አይገጥምም። ሎጉ ዳታው በ14 መፈጠሩንና ሰርቨሩ 16 መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ዋና ቨርዥን ሲቀየር የዳታ ፎልደሩ እንዳለ አይሄድም። ጭነቱ የፈጠረውን ባዶ የ16 ክላስተር አጥፉና አሮጌውን አሸጋግሩ፦

ሱዶ ፒጂ_ድሮፕክላስተር --ስቶፕ 16 ሜይን
ሱዶ ፒጂ_አፕግሬድክላስተር 14 ሜይን

የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ከማስኬዳችሁ በፊት 16ቱ በእርግጥ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ሽግግሩ ካለቀ በኋላ አሮጌው ክላስተር ቆሞ ይቀመጣል፤ ፖርቱንም ለአዲሱ ያስረክባል። ጥቂት ቀን ሳታጠፉት አቆዩት።

«ፖስትማስተር.ፒአይዲ አለ» ሲል። መልእክቱ የሂደት ቁጥር ይሰጣችኋል፤ 812 ነው እንበል። «ፒኤስ -ፒ 812» ብላችሁ ተመልከቱ። የሚሄደው ፖስትግሬስ ከሆነ ፋይሉን መሰረዝ ማለት ሁለት ሰርቨር በአንድ ዳታ ላይ እንዲጽፍ በር መክፈት ነው፤ ያ ዳታ ከዚያ በኋላ አይታመንም። ቁጥሩ የሌላ ፕሮግራም ከሆነ፣ ማሽኑም በድንገት ጠፍቶ ከነበረ፣ ፋይሉ ቅሪት ነው፤ ያኔ ይሰረዛል።

5. ሰርቨሩ ተነስቶ መገናኘት ሲያቅት

ብዙ ሰዓት የሚባክነው እዚህ ነው፤ የሚባክነውም ሁሉም ኤረር «አልገናኝ አለ» ተብሎ አንድ ላይ ስለሚታይ ነው። መልእክቶቹ ግን ጥያቄያችሁ ከሰርቨሩ ምን ያህል ርቀት ላይ እንደቀረ ይለያሉ።

ጥያቄው መልስ አጥቶ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ካለ መንገድ ላይ ፋየርዎል ውጦታል። ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ማሽኑ ጋ ደርሷል፣ በዚያ አድራሻና ፖርት ላይ ግን የሚያዳምጥ የለም። «ኖ ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ ኤንትሪ» ካለ (ይህ ፋይል ማን ከየት በምን ማረጋገጫ እንደሚገባ የሚወስነው ነው) ሰርቨሩ ራሱ አናግሯችኋል፤ ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ፋየርዎል መነካካት አቁሙ። «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» ካለ በሩን አልፋችሁ መታወቂያ ላይ ናችሁ። ሶኬት ፋይሉ (እዚያው ማሽን ላይ ያለ ፕሮግራም ያለ ኔትወርክ የሚገናኝበት ፋይል) የለም የሚል መልእክት ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ ሆናችሁ ሰርቨሩ ጠፍቷል ወይም ሌላ ፖርት ላይ ነው ማለት ነው፤ «ፒኤስኪውኤል -ፒ 5433» ሞክሩ።

ፒር ኦተንቲኬሽን ፌይልድ። አዲስ ጫኚ ሁሉ የሚያገኘው ኤረር ነው። እዚያው ማሽን ላይ በሶኬት ስትገቡ ፖስትግሬስ ፓስወርድ አይጠይቅም፤ የሊኑክስ ዩዘራችሁን ስም ያይና ከዳታቤዙ ዩዘር ስም ጋር ያመሳክረዋል። በራሳችሁ ስም ገብታችሁ «ፒኤስኪውኤል -ዩ ፖስትግሬስ» (ዩ በትልቁ ፊደል) ካላችሁ ስሙ አይገጥምም። መፍትሔው ይህ ብቻ ነው፦

ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒኤስኪውኤል

«ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ» ውስጥ «ፒር»ን በ«ትረስት» ለውጡ የሚል ምክር በየቦታው አለ። «ትረስት» ማለት ማንም በማንኛውም ስም ያለ ፓስወርድ ይግባ ማለት ነው። «የፖስትግሬስ ዩዘር ፓስወርድ ረሳሁ» ለሚል ሰው እንኳ አያስፈልግም፤ ሩት መሆን ከቻላችሁ ከላይ ባለው ትዕዛዝ ገብታችሁ መቀየር ትችላላችሁ።

ለአፕሊኬሽን ግን የራሱን ዩዘርና ዳታቤዝ ስጡት። ፒኤስኪውኤል (ለፖስትግሬስ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ውስጥ ሆናችሁ፦

ክሪኤት ሮል ጸሐፊ ሎጊን;
\ፓስወርድ ጸሐፊ
ክሪኤት ዳታቤዝ መዝገብ ኦውነር ጸሐፊ;

ፓስወርዱን በ«\ፓስወርድ» መስጠት የተሻለ የሆነው በግልጽ ተጽፎ ሎግና የትዕዛዝ ታሪክ ውስጥ ስለማይቀር ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው «ኦውነር ጸሐፊ» አስፈላጊ ነው። እስከ ቨርዥን 14 ድረስ ማንኛውም ዩዘር «ፐብሊክ» በሚባለው ስኪማ (ዳታቤዙ ውስጥ ሠንጠረዦች የሚመደቡበት ክፍል) ላይ ሠንጠረዥ መፍጠር ይችል ነበር፤ ከ15 ጀምሮ ይህ ተከልክሏል። የድሮ መመሪያ ተከትሎ «ግራንት ኦል» ብቻ የሰጠ ሰው አፕሊኬሽኑ ሲነሳ «ፐርሚሽን ዲናይድ ፎር ስኪማ ፐብሊክ» ያገኛል፣ ጭነቱ የተበላሸ ይመስለዋል። የዳታቤዙ ባለቤት ከሆነ ችግሩ አይነሳም።

ከዚያ በ«ኤች» ምርጫ ፈትኑት፤ ሶኬቱን ትቶ በኔትወርክ በኩል ስለሚሄድ ፓስወርዱን ይጠይቃል፦

ፒኤስኪውኤል -ኤች ሎካልሆስት -ዩ ጸሐፊ -ዲ መዝገብ

እዚህ ላይ «-ዩ» በትልቁ ፊደል ነው። ፓስወርዱ ልክ ሆኖ እምቢ ካለ ወደ ሰርቨሩ ሎግ ተመለሱ። ለደንበኛው የሚላከው መልእክት ሆን ተብሎ አጭር ነው፤ ሎጉ ላይ ግን ዩዘሩ ጨርሶ እንደሌለ፣ ወይም ፓስወርድ እንዳልተሰጠው፣ እንዲሁም «ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ» ውስጥ የትኛው መስመር ቁጥር እንደተመረጠ ተጽፏል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ያሳጥራል፤ ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፣ ከሥሩ ያለው አይታይም። አዲሱን መስመር ፋይሉ መጨረሻ ላይ ለጥፎ «አልሠራም» የሚል ሰው ከፍ ብሎ ሌላ መስመር ቀድሞታል።

ከሌላ ማሽን ለመግባት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። «ፖስትግሬስኪውኤል.ኮንፍ» ውስጥ፦

ሊስን_አድሬስስ = '*'

ከፊቱ ያለችውን የፓውንድ ምልክት ማንሳት አትርሱ፤ እሷ ካለች መስመሩ አስተያየት ነው። «ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ» ውስጥ፦

ሆስት  መዝገብ  ጸሐፊ  192.168.1.0/24  ስክራም-ሻ-256

በመጨረሻም ፋየርዎሉ፦

ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው ፍሮም 192.168.1.0/24 ቱ ኤኒ ፖርት 5432 ፕሮቶ ቲሲፒ

የመጀመሪያው ለውጥ ሪስታርት ይፈልጋል፤ ለሁለተኛው ሪሎድ ይበቃል። ሪሎድ ብቻ አድርጎ የአድራሻው ለውጥ አልያዘም የሚል ብዙ ነው። «ሾው ሊስን_አድሬስስ;» ብላችሁ ሰርቨሩን ራሱን ጠይቁት። አሮጌውን ከመለሰ «ሾው ኮንፊግ_ፋይል;» በሉ፤ ምናልባት የቀየራችሁት የሌላ ቨርዥን ፋይል ይሆናል። «ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ» ውስጥ ስህተት ካለ ደግሞ ሪሎድ ስታደርጉ ሰርቨሩ ዝም ብሎ በድሮው ይቀጥላል፤ ስህተቱን የሚያሳየው ይህ ነው፦

ሴሌክት ላይን_ነምበር, ኤረር ፍሮም ፒጂ_ኤችቢኤ_ፋይል_ሩልስ ዌር ኤረር ኢዝ ኖት ነል;

አንድ ተንኮለኛ ጉዳይ እንጨምር። «ሊስን_አድሬስስ» ላይ ኮከብ ሳይሆን «ሎካልሆስት» እና የማሽኑን አንድ አይፒ የጻፈ ሰው ሁሉ ነገር ሠርቶለት ይተኛል፤ ማሽኑ ሪቡት ሲደረግ ከውጭ መግባት ይቆማል፣ በእጅ ሪስታርት ሲያደርገው ይስተካከላል። የሆነው ፖስትግሬስ ሲነሳ የኔትወርክ ካርዱ ገና አይፒ አላገኘም ነበር። ከሁለቱ አድራሻ አንዱ ስለተሳካለት ሰርቨሩ አልወደቀም፤ «ካኖት አሳይን ሪኩዌስትድ አድሬስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሎጉ ላይ ጽፎ በሎካልሆስት ብቻ ቀጠለ። ኮከቡን ተጠቅማችሁ ገደቡን ለፋየርዎሉና ለ«ፒጂ_ኤችቢኤ» መተው ቀላሉ መንገድ ነው።

6. በሬድ ሃት ቤተሰብ የሚለየው

«ዲኤንኤፍ ኢንስቶል» ክላስተር አይፈጥርም፣ ሰርቨሩንም አያስነሳም። ከጫናችሁ በኋላ፦

ሱዶ ፖስትግሬስኪውኤል-ሰታፕ --ኢኒትዲቢ
ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል --ናው ፖስትግሬስኪውኤል

ከፖስትግሬስ ሪፖ ከሆነ የሰርቪሱ ስም «ፖስትግሬስኪውኤል-16» ነው፤ የዳታ ፎልደሩም «/ቫር/ሊብ/ፒጂኤስኪውኤል/16/ዳታ» ይሆናል። ኮንፊጉ «/ኢቲሲ» ውስጥ አይፈለግም፣ ዳታ ፎልደሩ ውስጥ ነው፤ ሎጉም እዚያው «ሎግ» በሚባል ንዑስ ፎልደር በሳምንቱ ቀን ስም ተከፋፍሎ ይገኛል። የስርጭቱ የራሱ ፓኬጅ በኔትወርክ የሚመጣውን «አይደንት» በሚል ስልት ስለሚፈትሽ ፓስወርድ የሚልክ አፕሊኬሽን «አይደንት ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» ያገኛል፤ መስመሩን ወደ «ስክራም-ሻ-256» ቀይሩት።

ዳታውን ወደ ሌላ ፎልደር አዛውራችሁ ባለቤትና ፈቃድ ልክ ሆኖ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ኤስኢሊኑክስ (ከተለመደው ፈቃድ በላይ የሚቆጣጠር የደህንነት ሥርዓት) ነው። ለማረጋገጥ «ሱዶ ሴትኢንፎርስ 0» አድርጋችሁ ሰርቨሩን አስነሱ፤ ከተነሳ ተጠርጣሪው ተገኝቷል፣ ወዲያው ወደ 1 መልሱት። ዘላቂው መፍትሔ ለአዲሱ ፎልደር ምልክት መስጠት ነው፦

ሱዶ ሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት -ኤ -ቲ ፖስትግሬስኪውኤል_ዲቢ_ቲ "/ዳታ/ፒጂኤስኪውኤል(/.*)?"
ሱዶ ሪስቶርኮን -አርቪ /ዳታ/ፒጂኤስኪውኤል

(«-አርቪ» ላይ ያለችው አር በትልቁ ፊደል ናት።) ፋየርዎሉ እዚህ «ፋየርዎል-ሲኤምዲ» ነው፤ «--አድ-ሰርቪስ=ፖስትግሬስኪውኤል --ፐርማነንት» ሰጥታችሁ «--ሪሎድ» ካላደረጋችሁ ለውጡ ሥራ ላይ አይውልም።

7. እውነት ከዜሮ መጀመር ሲያስፈልግ

የሚፈለግ ዳታ ከሌለና ኮንፊጉ ብዙ እጅ ነካክቶት ከሆነ አዲስ መጀመር ያስኬዳል። «ሪሙቭ» ሳይሆን «ፐርጅ» ነው የሚባለው፤ ሲያጠፋ የዳታ ፎልደሮቹ ይጥፉ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ጥያቄውን ሳታነቡ ኢንተር አትጫኑ። ስለ ዳታው ትንሽም ጥርጣሬ ካለ ሰርቨሩን አቁማችሁ መጀመሪያ ፎልደሩን ቅዱ፦

ሱዶ ሲፒ -ኤ /ቫር/ሊብ/ፖስትግሬስኪውኤል /ሩት/ፒጂ-ቅጂ

«-ኤ» ባለቤትና ፈቃድን እንዳለ ይጠብቃል፤ ያለ እሷ የተቀዳ ፎልደር ሲመለስ ወደ ክፍል 4 የፈቃድ ችግር ይመልሳችኋል።

በየትኛውም መንገድ ብታስተካክሉት ማሽኑን አንድ ጊዜ ሪቡት አድርጉ። ሲነሳ «ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ» ላይ «ኦንላይን» የሚለውንና ፖርቱን እዩ፤ ከዚያ ፖስትግሬስ ክላየንት ካለበት ሌላ ማሽን ላይ የሰርቨሩን አድራሻ ሰጥታችሁ ይህን አስኪዱ፦

ፒጂ_ኢዝሬዲ -ኤች 192.168.1.10 -ፒ 5432

«አክሴፕቲንግ ኮኔክሽንስ» ካለ አፕሊኬሽኑን አገናኙት።